ጥርግ አድርጉት

እናቴ ወለተጻድቅ ስትናደድ ቃል አትመርጥም። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምንተዳደረው ቀራንዮ በሚገኘው ቤታችን ጓሮ ያለውን ባሕር ዛፍ እየሸጥን ነበር፤ በጃንሆይ ጊዜ ከተማው የሚያነደው ሌላ ምን ነበረውና? ዛፉ ሲቆረጥ ጉቶው ያቆጠቁጥና ከጥቂት ዓመት በኋላ መልሶ ለማገዶ ይደርሳል። ጉቶው ካለ እኛም አለን።

የሚገዙን የአየር ጤናው እንጨት ነጋዴ ጋሽ ሽኩር ናቸው። ባለፈው ቆራጮቻቸው ቅጠሉንና ጭራሮውን በትነውባት ስለሄዱ እናቴ ክረምቱን ሙሉ ስትነጫነጭ ከረመች። እናም ዘንድሮ ቆርጠው ጨርሰው ሊጭኑ ሲመጡ፣ «ጥርግ አድርጋችሁ ውሰዱልኝ፤ መሬቱ ላይ ምንም እንዳላይ» ብላቸው፣ ሳንሱሲ ለቅሶ ቤት ልናድር ሄድን።

በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠ ገብረአምላክ የሚባል የጡብ ፋብሪካ ሠራተኛ የማገዶ ወሬ አነሣ። ጉቶ እሳቱ ስለሚቆይ አሁን ምድጃው የሚፈልገው እሱን ነው፣ ነጋዴው ሁሉ እያስቆፈረ ነው አለ። እናቴን አየኋት።

«ምንም እንዳላይ አልኩ አይደል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ለቀስተኛውን ሳንሰናበት ወጣን። መንገዱን ሙሉ እየደጋገመች ጠየቀችኝ፤ ቅጠል ብላ እንደሆን፣ ጭራሮ ብላ እንደሆን። አላለችም። ልዋሽላት ፈለግሁ፤ እርምጃዬን ብቻ አፈጠንኩ።

ስንደርስ ሰዎቹ ዶማ ይዘዋል። የጓሮው የላይኛው ወገን ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል፤ ጉቶዎቹ ከነሥራቸው ተገልብጠው ጭነት ይጠብቃሉ። እናቴ ትጮሃለች ብዬ ነበር። ሄዳ ያልተነቀለ ጉቶ ላይ ተቀመጠች።

ጋሽ ሽኩር ግራ ገባቸው። «እትዬ ወለተጻድቅ፣ ጥርግ አድርጉት ብለው የለም እንዴ?»

«ቅጠሉን ነበር።»

ወደ ጉድጓዶቹ ዞሩ። እሳቸውም ከዚሁ ጓሮ እየገዙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ምን እንዳስነቀሉ ገባቸው። የቀረውን ምን እናድርገው ብለው ጠየቋት።

በእሷ ፈንታ ሰው እንዲናገር ፈቅዳ የማታውቀው እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ንገሪያቸው፣ ትርንጎ።»

እኔም ቃል ፈራሁ። ጉቶውን እንዳይነኩ፣ ቅጠሉንና ጭራሮውን ብቻ እንዲያነሡ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ግን በትክክል እንደተረዱኝ አላመንኩም።

«ጋሽ ሽኩር፣ ምን እንዳልኩ ይድገሙልኝ።»

አልተቀየሙኝም። ቃል በቃል ደገሙልኝ። እናቴ ግን ዶማው ሁሉ መኪናው ላይ እስኪጫን ድረስ ከጉቶው አልተነሣችም።