ረድታኛለች

ፕሮፌሰር ኦርቪል ፌንዊክ ወደ መምህራን ክበቡ የገባው በዋናው በር ነው። ሬጂና ላንዳወር በጎን ባለው የሴቶች በር ገብታ ምድር ቤቱ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ተቀመጠች። የክበቡ ደንብ ሴቶች በዋናው በር እንዳይገቡ፣ ፎቅም እንዳይወጡ ይከለክላል። ለብዙ ዓመታት አብረው የደከሙበት የአሜሪካ ገንዘብ ታሪክ ተጠናቋል፤ የቀረው ዩኒቨርሲቲው የእርሷን ድርሻ ለዶክትሬት ማሟያነት መቀበሉ ብቻ ነበር። ያንን የሚወስነው የፈታኞቹ ሰብሳቢ ሃድሊ ደግሞ ፎቅ ላይ ከፌንዊክ ጋር የበግ ጥብስ እየቆረጠ ነው።

«እስቲ ንገረኝ» አለ ሃድሊ አፉን ጠርጎ። «ከዚህ ግንድ ከሚያህል መጽሐፍ ውስጥ የሴትዮዋ የትኛው ነው?»

ፌንዊክ መልሱን አሳምሮ ያውቀዋል። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን መንግሥት ባንኮችን ሁሉ ዘግቶ፣ መዝጋቱን «የባንኮች ዕረፍት» ብሎ ሰይሞት ነበር። ከዕረፍቱ ያልተመለሱት ባንኮች ብዙ ናቸው። ፌንዊክ ስያሜውን አምኖ፣ በእነዚያ ባንኮች ተቆልፎ የቀረውን ተቀማጭ ከአገሪቱ ገንዘብ ጋር ደምሮት ነበር። የሰረዘችው ሬጂና ናት። «ፕሮፌሰር፣ ባለቤቱ ዳቦ ሊገዛበት ያልቻለውን እንዴት ገንዘብ ብለን እንቆጥረዋለን? እነሱ ዕረፍት ስላሉት እኛም እንረፍ?» ብላው ነበር። ያ ሲሰረዝ የአገሪቱ ገንዘብ ምን ያህል እንደሟሸሸ ተገለጠ፤ መጽሐፉም የቆመው በዚያ ላይ ነው።

ይህን ለመናገር ግን አስቀድሞ «ተሳስቼ ነበር» ማለት ያስፈልጋል።

«ወይስ ሁሉንም እሷ ናት የጻፈችልህ?» ሃድሊ ሳቀ። በአጠገባቸው ካለው ጠረጴዛ ሁለት ሰዎች ዞር ብለው አዩ።

«ረድታኛለች» አለ ፌንዊክ። «ቁጥሩ ላይ… በጣም ረድታኛለች።»

«ታዲያማ አለቀ! የረዳ ሁሉ ዶክተር ከተባለ የእኔም ጸሐፊ ነገ ትጠይቀኛለች።»

ፌንዊክም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያበቃ ፊቱ እንደ እሳት ጋለ። ቃሉን ለማረም ጊዜ ነበረው። አሳላፊው ሳህኖቹን እስኪያነሣ፣ ሃድሊ ጣፋጩን አጣጥሞ ኮቱን እስኪደርብ ድረስ ጊዜ ነበረው።

ወደ ታች ሲወርድ ሬጂና ብድግ አለች።

«እህስ፣ ፕሮፌሰር? ምነው ፊትዎ እንዲህ ቀላ? ጥብሱ ነው ወይስ ሰውየው?»

«የአንቺ ድርሻ የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ።»

«እሺ፣ ምን አሉት?»

«ረድታኛለች አልኩት።»

ጓንቷን ማጥለቅ ጀምራ ነበር፤ እጇ መሃል ላይ ቆመ። «ስለ ዕረፍቱ አልነገሩትም?»

«አልነገርኩትም።»

«ረስተው ነው?»

መውጫ ቀዳዳ ሰጠችው። አዎ ቢላት ታምነዋለች፤ ነገም እንደ ወትሮው አብረው ይሠራሉ።

«አልረሳሁም» አለ ዐይኑን ከምንጣፉ ሳያነሣ።

ሬጂና ወደ መስኮቱ አመለከተች። ሃድሊ ደጅ ከአንድ ዛፍ ሥር ቆሞ ታክሲ ይጠብቃል። «እንግዲያው ይሂዱና ይንገሩት። አሁን።»

ፌንዊክ ባርኔጣውን አነሣ። በእጁ አዟዟረው። ሃድሊን አሻግሮ እያየ፣ የሚጀምርበትን ዐረፍተ ነገር በልቡ ደጋግሞ አዘጋጀ፤ እያንዳንዱ «እኔ» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ይሰበራል። ታክሲው መጣ። በሩ ተከፍቶ ተዘጋ።

«ደህና ይዋሉ፣ ፕሮፌሰር» አለች ሬጂና።

ሃድሊ ድርሻዋን አልተቀበለውም፤ ዲግሪው የተሰጣት መጽሐፉ በሁለቱም ስም ታትሞ፣ ሃድሊም ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። ፌንዊክ ምረቃው ላይ አልተገኘም።