የዛቢዲ ማንጎ

በማሌዥያዋ ከተማ በቴሉክ ኢንታን ሙቀት ምን ነገር ሰንብቶ ያውቃል? ዳቦው በማግስቱ ይሻግታል፣ አልጋ ሥር የተረሳ ጫማ አረንጓዴ ፂም ያበቅላል። ዛቢዲ ቀምሞ የሚሸጠው የቬፕ፣ የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ ፈሳሽም ከዚያ አልተሻለም። መስኮት ሥር የደረደረው በሁለት ሳምንት ይጠቁርበታል፣ ይሸትበታል፤ ደንበኞቹም «ወንድሜ፣ ይሄ ማንጎ ነው ወይስ የተቃጠለ ጎማ?» እያሉ ይመልሱለታል።

መፍትሔው ጠፍቶት አይደለም። የሙያው ሰዎች ደጋግመው ነግረውታል፤ ከብርሃን አርቀው፣ ከሙቀት አርቀው፣ ክዳኑን አጥብቅ፤ ያልተበረዘውን የኒኮቲን ድፍድፍ ደግሞ ለብቻው ማቀዝቀዣ ቆልፍበት፣ ከምግብ ጋር እንዳታገናኘው። ሰምቷል። ግን ለብቻው ማቀዝቀዣ ከየት ይምጣ? ቤቱ ውስጥ ያለችው አንድ ፍሪዘር ናት፣ እሷም የአማቱ የማክ ጆያ፣ እማማ ጆያ እንደማለት፣ ናት።

ማክ ጆያ በዚያች ፍሪዘር ሃያ ዓመት ጀላቲ ሠርተዋል። ሽሮፑን በጥብጠው፣ በቀጭን ላስቲክ ቋጥረው አርግተው ከቁርአን ትምህርት ለሚወጡ ልጆች ይሸጣሉ። ቬፕ የሚባል ነገር ግን ስሙ ሲነሳ ደማቸው ይፈላል፤ ባላቸውን የቀበሩት በሲጋራ ነዋ። ዛቢዲም ይሄንን እያወቀ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «ማክ ይሙቱ፣ ኒኮቲን የሚባል የለበትም! የፍራፍሬ ቃና ብቻ ነው። ሕፃን ቢጠጣው እንኳ ምንም አይሆንም።» ለሚስቱ ለሮዝሚዛም ይሄንኑ ምሎላታል።

እንዲያምኑት ብሎም አንድ ጠርሙስ እውነተኛ የማንጎ ቃና፣ ለምግብ የሚሆነውን፣ ሰጣቸው። ጀላቲው ላይ ጨመሩት፤ ልጆቹ ተሻሙበት። «እሰይ የኔ ልጅ! አማች እንዲህ ነው እንጂ!» ብለው መርቀው የፍሪዘሩን አንድ ጥግ ለቀቁለት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት እዚያ አገር የለም መሰለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ዝናቡ ከነነጎድጓዱ መጣና መብራት አጠፋ። ዛቢዲ ዕቃ ሊያደርስ ወጥቶ የተመለሰው ወደ ማታ ነው። ሙቀቱ ፈሳሹን ምን አድርጎት ይሆን ብሎ ፍሪዘሩ ጥግ ያኖረውን ካርቶን ከፈተ። ካርቶኑ ርሷል። በጠርሙሶቹ ላይ የለጠፋቸው ወረቀቶች ሁሉ ሙጫቸው ታጥቦ፣ ቀለማቸው ፈሶ ከሥር ተጣብቀዋል። አንድ ጠርሙስ ጎድሏል። የትኛው እንደሆነ ሲገባው ወደ ወጥ ቤት ተንደረደረ፤ የኒኮቲኑን ድፍድፍ ከማንጎ ጋር ቀላቅሎ እንዲሰነብት ያስቀመጠው ነው።

ጠርሙሱ ወጥ ቤት ታጥቦ ተደፍቷል።

«ማክ… በዚህ ውስጥ የነበረውስ?»

«ማንጎው ነዋ! ወረቀቱ ወልቆ አገኘሁት፣ ባሸተው ማንጎ ማንጎ ይላል። ሠላሳ ጀላቲ ወጣው። ጾም ይዤ አልቀመስኩትም እንጂ ሽታውስ ጉድ ነው!» ማክ ጆያ ሰኞና ሐሙስን ይጾማሉ። ሌላ ቀን ቢሆን እየቀመሱ ነበር የሚበጠብጡት።

«ሸጡት እንዴ?»

«በምን መብራት? የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ ገና መርጋቱ ነው። ልጆቹ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ይመጣሉ።»

አልሐምዱሊላህ! ዛቢዲ ግድግዳውን ተደገፈ። አንድም ልጅ አልነካውም። እዚያው ላይ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ሮዝሚዛ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር፤ የማለው መሐላ ትዝ አለውና አፈረ።

«ተበላሽቷል ማክ» አለ። «ጊዜው አልፎበታል። ልድፋው።»

«ምን አልክ? የኔ ጀላቲ ተበላሸ?»

«የርስዎ አይደለም፣ የኔ ጠርሙስ…»

«ሕፃን ቢጠጣው ምንም አይሆንም ያልከኝ ጠርሙስ? ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ እጅ የአንድ ልጅ ሆድ ቁርጠት አላወቀም! ትናንት የመጣህ ሰውዬ ዛሬ ልታሰድበኝ ነው? ልጆቹን ምን ልበላቸው?»

ዛቢዲ ጀላቲውን ከፍሪዘሩ እያፈሰ በማዳበሪያ ከተተና ወደ ጓሮ ወጣ። ከኋላው ማክ ጆያ ሲያጉረመርሙ፣ ሮዝሚዛም «ተይው እማዬ፣ አመሉ ነው» ስትላቸው ይሰማዋል። የማዳበሪያውን አፍ ከማሰሩ በፊት ቆጠራቸው። ሃያ ዘጠኝ ሆኑ። እጁን ከቶ ደግሞ ቆጠረ፤ ያው ሃያ ዘጠኝ ናቸው። ይሄኔ ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን፣ የጾም መፍቻው ጥሪ፣ ተሰማ።

ማዳበሪያውን ጥሎ ሮጠ።

ማክ ጆያ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። ጾም የሚፈቱበትን ቴምር አልነኩትም። ከዛቢዲ ደብቀው ያስቀሩትን ሠላሳኛውን ጀላቲ ጫፉን በጥርሳቸው በጥሰው እየመጠጡ ነው፣ ግማሹ አልቋል።

«ይኸው፣ እያየኸኝ!» አሉት። «በምን አፍህ ነው ተበላሸ ያልከው?» ፊታቸው ግን ጭፍግግ ብሏል። «ትንሽ ይለበልባል እንጂ። ዝንጅብል አለው እንዴ?» ዓይኑን ዓይኑን እያዩ፣ በእልህ፣ የቀረውንም ጨመቁት።

«ይትፉት! ማክ፣ ይትፉት! ኒኮቲን ነው! መርዝ ነው!»

ላስቲኩን ከአፋቸው አወጡ። አልጮኹም፣ አልተራገሙም። «አሁን ነው የምትነግረኝ?» አሉ ቀስ ብለው። ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ሊያኖሩ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጠረጴዛውን ሳቱት። ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው፣ ምራቃቸው በአገጫቸው ይወርድ ጀመር።

ሮዝሚዛ እናቷን በአንድ ክንዷ ደግፋ አምቡላንስ ጠራች። አድራሻውን ተናገረች፣ ዕድሜያቸውን ተናገረች። ከዚያ የሚሏትን አዳመጠችና ስልኩን ወደ ባሏ ዘረጋች።

«ምን እንደጠጣች ይጠይቃሉ» አለችው። «አንተ ንገራቸው።»