የካይሮን ቁስል

ምሥራቅ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ትሠራለች። ባልደረባዋ ቤዚ የኮከብ ቆጠራ ነገር አይሆንላትም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የምሥራቅን የልደት ቀንና ሰዓት ስልኳ ላይ አስገባችና፣ «ካይሮን የምትባል ትንሽ የሰማይ አካል አለች፤ የውስጥ ቁስላችንን ነው የምታሳየው። ያንቺ ቁስል ከእናትሽ የመጣ ነው» አለቻት።

ምሥራቅ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። እናቷ ስለ ምሥራቅ ሕፃንነት ስትጠየቅ ሁልጊዜ ወሬ ትቀይራለች። ቤዚ ደግሞ በጥምቀት አብራት አንኮበር ሄዳ ከእናቷ ጋር ብዙ አውርታ ነበር። «ይቺ ልጅ የሰማችው ነገር አለ» ብላ ጠረጠረች። ከዚያ ወዲህ የቤዚ ፈገግታ እንኳ ሹፈት ይመስላት ጀመር።

ቅዳሜ አንኮበር ሄደች። «እማዬ፣ ስለ እኔ ለቤዚ ምን ነገርሻት?»

እናቷ ደነገጠች። «አሊዩ አምባ ጥዬሽ መሄዴን ማን ነገራት?»

ምሥራቅ ይህን ሰምታ አታውቅም። እናቷ እያለቀሰች ሁሉንም ተናገረች። ባሏ ሲሞት ጨንቋት፣ የምትጠባ ልጇን አሊዩ አምባ ካለችው እህቷ ዘንድ ትታ አዲስ አበባ ለሥራ ሄዳ ነበር። የተመለሰችው ልጅቷ አፍ ከፈታች በኋላ ነው።

ሰኞ ምሥራቅ ቤዚን ልታፋጥጣት ስትገባ፣ ቤዚ ዮናስ ለሚባል የጥበቃ ሠራተኛ ስልኳን እያሳየች፣ «ያንተም ቁስል ከእናትህ ነው» ትለዋለች። ለሁሉም የምትለው ይህንኑ ነበር።

ምሥራቅ ውጭ ወጥታ እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ ቤዚ ለካ ምንም አታውቅም።»

እናቷም፣ «አንቺ ግን አወቅሽ» አለች።

«አዎ። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ የቀረውን ትነግሪኛለሽ።»