ፓፓያ ያፈራው ጽድ

ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ «አረንጓዴ ስፍራ» የሚል ታፔላ ከተተከለበት ወዲህ፣ ከታፔላው በቀር የበቀለበት ነገር አልነበረም። እሱም ዝጓል። የጫት ገረባና የውሃ ፕላስቲክ ግን፣ አላህ ይስጣቸውና፣ መንገደኞቹ ሳያጓድሉ ያመጡ ነበር።

ሙሀባ ከታፔላው ማዶ ሙዝ ትሸጣለች። አጣዬ የነበረው ቤቷ ሲቃጠል ከጓሮዋ የተረፋት በጨርቅ የቋጠረችው የፓፓያ ዘር ብቻ ነው። ቆሻሻውን ጠርጋ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ግማሹን ዘራችው፤ ከመስጊዱ የሚወርደውን የውዱእ ውሃም በቦይ መርታ አጠጣችው። ፓፓያው ከቁመቷ አልፎ ሲያብብ ያ ጓሮ የተመለሰላት መስሏት የምትሆነውን አጣች።

አበባውን ተከትሎ የከተማ ውበት ባለሙያው አቤል መጣ።

«እትዬ ሙሀባ፣ ይህን ያንሱልን። ቦታው ሊለማ ነው።»

«ይኼ ምንድን ነው ታዲያ፣ ልጄ?»

«ይኼማ ፓፓያ ነው። እኛ ባዶ መሬት ብለን ነው ሪፖርት ያደረግነው። ከላይ እንግዳ ይመጣል።»

ሪፖርቱ እንዳያፍር ፓፓያው ተቆረጠ። ሙሀባ ሙዟን ትታ አለቀሰች። በማግስቱ እንግዳው ቲሸርትና ኮፍያ ከታደላቸው ሰዎች ጋር ከጣርማ በር ብርድ የወረደ የጽድ ችግኝ በየጉድጓዱ ከነፕላስቲኩ ቀበሩና ፎቶ ተነስተው ሄዱ። ለክብሩ ቦታው በሽቦ ታጠረ፤ ጥበቃም ተቀጠረለት። ጽዱ የሮቢትን ሙቀት አንድ ሳምንት እንኳ አልቻለም።

ሙሀባ ሽቦውን አየችው። ፍየል የሚከለክል እንዲህ ያለ አጥር ዕድሜ ልኳን ሙዝ ብትሸጥ አታሠራም። የቀረውን ዘር ፈታች፤ ይኼ ከጠፋ ሌላ የላትም። «ችግኙን ላጠጣላችሁ» ብላ ጥበቃውን አስፈቀደችና በየደረቀው ጽድ ሥር ቀበረችው። ጥበቃው ለአገር አሳቢነቷ መረቃት።

በዓመቱ እንግዳው «የተከልነውን እንይ» ብለው መጡ። አቤል ከመኪና ሲወርድ ባለበት ደርቆ ቀረ። እንግዳው ቢጫ መምታት የጀመረውን ፍሬ ቀና ብለው እያዩ፣ «የተከልነው ጽድ አልነበረም እንዴ?» አሉ።

አቤል በላብ ተጠምቆ ሙሀባን አያት።

«ነበር፣ ጋሼ» አለች። «የኛ አገር ሙቀት ነው። ስንቱን ይለውጣል መሰለዎ።»

እንግዳው በጥሞና ራሳቸውን ነቀነቁና መቶ በመቶ ጸድቋል ተብሎ እንዲጻፍ አዘዙ። አቤል ጻፈ። መኪናው ሲነሳም የአጥሩን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለሙሀባ ሰጣት።

የመጀመሪያውን ፓፓያ ሰንጥቃ ቀመሰች። ያው የአጣዬው ነው፤ እንባዋ መጣ። ዘሩን ግን አንድ ሳታስቀር ለቅማ መልሳ ቋጠረችው። እንግዳው ደግሞ ባዶ መሬት ያምራቸው ይሆናል።