ለዓሣዎቹ የተለቀቀ መኝታ ቤት

ሲሃም የባሏን የሙስአብን ዒዳ፣ የሐዘን ወራቱን፣ ጨርሳ ከቤት መውጣት በጀመረች ሳምንት፣ መስታወት ቆራጩ ካሣ መጥቶ በሩን አንኳኳ።

«ሙስአብ ለዓሣዎቹ ያዘዘው ትልቁ አኳሪየም አልቋል» አላት ቆሞ። «ሐዘናችሁን ስሰማ ዝም ልል ነበር። ግን ሱቄን ዘጋብኝ፤ ለሌላ ሰው ደግሞ አይሆንም።»

ሲሃም ስለ ትልቅ አኳሪየም የምታውቀው ነገር አልነበረም። «አምጣው» አለችው።

ሙስአብ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። ሲመለስ የባሕር ውኃ በጄሪካን ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዴም ዓሣ፣ አንዳንዴም እንደ አበባ የሚከፈት ኮራል። ሳሎን ያለችው ትንሽ አኳሪየም የሞላችው እንዲህ ነው። መኪናው የተገለበጠ ዕለትም ጄሪካኖቹ ተጭነው ነበር። አስከሬኑን ያመጡት ጓደኞቹ የተረፉትን ጄሪካኖች አብረው አመጡ። ለተዕዚያ የመጣው ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሲሃም ከአንዱ ቀድታ የዓሣዎቹን ውኃ ለወጠች። ለምን ብሎ የጠየቃት አልነበረም። እሷም ራሷን አልጠየቀችም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ታበላቸዋለች። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ በሃይላንድ ጠርሙስ ያቀዘቀዘችውን በረዶ ከነጠርሙሱ ውኃው ላይ ታንሳፍፋለች። ወድዳ አልነበረም፤ እጇ የሚሠራው ነገር ስለሆነ ነው። ለሰው ሁሉ መልሷ «እሺ» ነበር። ብዪ ሲሏት እሺ፣ ተኚ ሲሏት እሺ። ወንድሟ ሚክዳድ ከጅግጅጋ ደውሎ «ዐርብ በመኪና መጥቼ ወደ ቤት እወስድሻለሁ» ሲላትም እሺ አለችው።

አኳሪየሙ የሚቀመጥበትን ቦታ ለማየት ሱፍያን መጣ። የሙስአብ የመንገድ ጓደኛ ነው፤ ስለ ዓሣዎቹም ከእሱ ብዙ ሰምቷል። ሐምራዊው ባለ ቢጫ ጅራት ዓሣ ትንሿ አኳሪየም ጠብባው፣ ዞር ሲል መስታወት እየነካ ስላስቸገረ ነው ትልቁ የታዘዘው። ሱፍያን ሳሎኑን ለካ። ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ እስከ ከሰዓት በኋላ አይለቅም፤ ውኃው ይፈላል። ፀሐይ የማይነካው ግድግዳ መኝታ ቤት ያለው ብቻ ነበር።

«አልጋው አለ» አለ ሱፍያን መሬት መሬት እያየ።

«ይፈታል» አለች ሲሃም።

የሚቀረውን ቆመው ተነጋገሩ። መቆሚያው ብረት ይበየዳል። መብራት ሲጠፋ ዓሣዎቹ እንዳይታፈኑ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ያስፈልጋል። የቧንቧው ውኃ ማንቆርቆሪያን እንኳ ነጭ የሚያለብስ ስለሆነ አይሆንም። ሱፍያን በየጉዞው ጄሪካን ሞልቶ ሊያመጣ ቃል ገባ።

እዚያው ቤት የምትኖረው የሙስአብ እናት ቢሻሮ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

«አልጋውን ልትፈቺው ነው?»

«አዎ፣ ሆዮ» አለች ሲሃም፤ እናቴ ማለቷ ነው።

«የት ልትተኚ?»

«ሳሎን። አንቺ ጋ።»

«ወንድምሽ ዐርብ ይመጣ የለ? ታዲያ ይኼን ማን ሊጠብቀው ነው? እኔ ዓሣ የማውቀው ተጠብሶ ነው።»

«ዓሣ ከመግባቱ በፊት ውኃው እስኪረጋ ጊዜ ይፈልጋል» አለች ሲሃም።

አልጋውን ራሷ ፈታችው። ከሥሩ አቧራና አንድ የሙስአብ ካልሲ ተገኘ። ካልሲውን አጥባ ገመድ ላይ አሰጣችው። ከዚያ ክፍሉን ጠረገች፤ አኳሪየሙም ገባ።

ዐርብ ሚክዳድ ሲገባ ሲሃም በግማሽ የተሞላው አኳሪየም ፊት ተቀምጣ የጨው መለኪያውን ታነብ ነበር።

«ዕቃሽስ?»

«አላዘጋጀሁም።»

«ምነው?»

«ውኃው አልረጋም።»

ሚክዳድ ባዶውን የአልጋ ቦታ አየ፣ ቀጥሎ ቢሻሮን አየ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ሲሃም፣ ይኼ እኮ ዓሣ ነው። እማዬ እየጠበቀችሽ ለዓሣ ብለሽ ልትቀሪ ነው?»

ሲሃም መለኪያውን አስቀመጠች። ውስጧ ምንም አልነበረም፤ ንዴትም፣ እፍረትም። «አላውቅም» አለችው። «ግን ዛሬ አልሄድም።»

ሚክዳድ ጁምዓ ሰግዶ ተመለሰ፤ ምሳ በላ። እናታቸው የላከችውን ቅቤ ለቢሻሮ ሰጥቶ ብቻውን ሄደ። መኪናው ሲነሳ ሲሃም በር ላይ ቆማ ነበር። እስኪታጠፍ አየችው እንጂ አልከፋትም። ደስም አላላትም።

ዓሣዎቹ የተዛወሩት ሱፍያን ሌላ ጉዞ ተመልሶ፣ ውኃው ከረጋ በኋላ ነው። ድንጋዮቹ ገብተው ሳያልቁ መብራት ጠፋ። ባልዲ ውስጥ ያሉት ዓሣዎች አየር አጥሯቸው አፋቸውን ወደ ላይ አደረጉ። ቢሻሮ ሳትጠየቅ የባትሪውን ፓምፕ ይዛ ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ አለች፤ ጉልበቷ እያመማትም አልተነሳችም። ሲሃም እጇን እስከ ክንዷ ውኃ ውስጥ ከትታ ድንጋዮቹን ስትደረድር አንዱ መዳፏን ቧጨራት። ጨው ገባበትና አቃጠላት። እጇን ሳታወጣ ትንሽ ቆየች። ሙስአብ ከሞተ በኋላ አንድ ነገር እንዲህ በደንብ ሲሰማት የመጀመሪያዋ ነበር።

መብራት እስኪመጣ ትልቁ ኮራል ሙቀቱን አልቻለውም፤ በሳምንቱ ነጭ ሆኖ ሞተ። አውጥታ ጣለችው። ሐምራዊው ዓሣ ደግሞ ከድንጋይ ጀርባ ተሸጉጦ መብላት ተወ። ሱፍያን «ይለምዳል» አለ፤ እሷ ግን ይሞታል ብላ ጠበቀች። የሚሞት ነገር መጠበቅ አላስፈራትም።

አንድ ጠዋት ቢሻሮ ከመኝታ ቤቱ ጠራቻት። ዓሣው ወጥቶ ከጫፍ ጫፍ ይሄድ ነበር፤ መስታወቱን ሳይነካ፣ ሳይቸኩል።

«ስሙ ማነው?» አለች ቢሻሮ።

«ስም የለውም።»

«ልጄ ስም አላወጣለትም?»

«አላወጣለትም፣ ሆዮ።»

ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀምጠው አዩት። ፓምፑ ይንጎራጎራል። ቢሻሮ አለቀሰች፤ ሲሃም አላለቀሰችም፤ ነገር ግን ክንዷን ይዛት ቆየች። በኋላ ቢሻሮ ነጠላዋን ለብሳ በባጃጅ ቀፊራ ገበያ ሄዳ ማንጎ ገዝታ መጣች። ሲሃም ማንም ብዪ ሳይላት አንዱን በልታ ሌላ ላጠች።