ለመርከቧ የተሸከሙት ድንጋይ

ፍሰሐ በኮሮናው ሎክዳውን ምክንያት የማስተርስ ጽሑፉን ከአባቱ ጋር በስደት ከሚኖርበት የትሮይቪል ሰፈር ቤት በዙም አቀረበ። የአንዲት ጥንታዊ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባለሸራ መርከብ ታሪክ ነው፤ ወንበዴ አሳደደች፣ ተዋጋች፣ ወደብ ላይ ተቃጠለች።

«ለቃጠሎው ተጠያቂው ማነው? ካልመለስክ ትወድቃለህ» አሉ ፈታኙ በቁጣ።

ፍሰሐ ማስታወሻውን ማገላበጥ ጀመረ።

ከጓዳ ሲያዳምጡ የነበሩት አባቱ፣ ጋሽ ገብረሥላሴ፣ በሩን በረገዱት። ማስካቸውን እንዳጠለቁ፣ ትልቅ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው ካሜራው ፊት ተንበረከኩ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ልጅ ነው፣ አጥፍቷል፤ ስለ ገብርኤል ማሩት!» አሉ።

ፈታኙ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«ኧረ አባዬ! የተቃጠለችው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ነው!»

«ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ጠፋ?»

ፈታኙ ሁለት እጃቸውን አነሱ። «አልፈሃል። እባክህ ድንጋዩን አስወርዳቸው።»