ዓርብ ወዴት ይኬዳል

ጉምጉም የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት አብረውት የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። ቤዝ ጊታሩ ከከበሮው ሥር ገብቶ ስለሚያጉረመርም ነው የሚሉ አሉ፤ ሰውየው ራሱ ሲናገር ድምፁ ከጥርሱ ስለማያልፍ ነው የሚሉም አሉ። በሃያ ስድስት ዓመት የሙዚቃ ሥራው ያላየው ጉድ የለም። ወንበር ሰው ራስ ላይ ሲሰበር፣ ጠርሙስና ጠርሙስ አየር ላይ ሲላተም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች መድረኩ ሥር ተያይዘው አንዱ የሌላውን ጆሮ ነክሶ ሲተፋ አይቷል። በእነዚያ ቀናት ሁሉ የእሱ ቤዝ ቆሞ አያውቅም። «ሙዚቃው ከቆመ ጠቡ ይብሳል» ይላል። ዓይኑን ጨፍኖ መጫወት የለመደው ለዚሁ ነው።

ይህ ዝምተኛ ሰው ብዕር ሲይዝ ግን አፍ ያወጣል። በየሐሙሱ በሚወጣው የከተማው ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ በሳምንቱ ውስጥ የቀጥታ ሙዚቃ የት የት እንዳለ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት ቀን በቀን ይጽፋል። «ማክሰኞ ፒያኖ የሚጫወቱት አዛውንት ጉንፋን ይዟቸዋል፤ ባሳሉ ቁጥር አጨብጭቡላቸው» ብሎ ይጽፋል። «ረቡዕ የትራምፔት ቡድኑ ጥሩ ነው፤ የፊት ወንበር ላይ ግን አትቀመጡ፣ ጆሮ መለዋወጫ የለውም» ይላል። ሰው ገጹን ቀዶ ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፈዋል። እሱ ሂዱ ያለው ቤት መቆሚያ ይጠፋበታል፤ የዘለለው ቤት ጭር ይላል።

የዓርቡ መስመር የእህቱ ባል ነበር። ሰውየው ዘፋኝ ነው፤ ዓርብ ዓርብ ከሥራ መውጫ ሰዓት ጀምሮ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለው አዳራሽ ይዘፍናል። ድምፁን የሰማ ሁሉ፣ ምን ያለ የዋህ ሰው ነው ይላል። ጉምጉም ሦስት ዓመት ሙሉ ስለዚህ ሰው ያልጻፈው ውዳሴ የለም። አንዴማ «ዓርብ ሌላ ቦታ የሚሄድ ሰው ጆሮውን ይታይ» ብሎ ጽፎለት፣ ሰው በመስኮት ገብቷል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጉምጉም ሱሪ ሊያሳጥር ወደ እህቱ የልብስ ስፌት ቤት ሄደ። እህቱ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣ ሻሿን ወደ ግራ ጉንጯ አውርዳለች። ቀና ሳትል «ግባ ጋሼ» አለችው።

«ፊትሽ ምን ሆነ?»

«ደረጃ ላይ ወደቅኩ።»

ጠጋ ብሎ ሻሹን በሁለት ጣቱ ገለጠው። ከጆሮዋ ፊት ለፊት አጥንቱ ላይ ቆዳው ጠቁሮ አብጧል። እብጠቱ ላይ ደግሞ ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች መደዳውን ታትመዋል፣ ልክ የወንፊት ዓይን። ሌላ ሰው ቢያየው ምን እንደሆነ ባላወቀ። ጉምጉም ግን ያን ወንፊት ዕድሜውን ሙሉ ዘፋኞች ከንፈር ሥር ሲያየው የኖረ ሰው ነው። የማይክራፎን ራስ ነው።

«ደረጃው ማይክ ይይዛል እንዴ?» አላት።

ልትስቅ ሞከረችና መንጋጋዋን አመማት። ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከተጋባን በዓመቱ።»

«እኔ እየጻፍኩለት?»

«መጻፍ ስትጀምር ደስ ብሎኝ ነበር። ያኔ የሚመታኝ አዳራሹ ባዶ የሆነ ቀን ነበር። ሰው ከመጣለት ይተወኛል አልኩ። ሰው መጣለት። ያኔ ደግሞ የፊት ወንበር ላይ ማንን ስታዪ ነበር እያለ ይመታኝ ጀመር።» ቀኝ እጇን ዘረጋችለት፤ ትንሿ ጣቷ ቆልመም ብላለች። «ይቺን የስፌት መኪናው ነው ያልኩህ፣ እሱ ነው። ጥርሴን ያስነቀልኩት በልቶኝ አልነበረም። ያስወረደኝም ጊዜ...» አለችና ተወችው።

ጉምጉም ከጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ትልቁን መቀስ ሲያነሳ እጁን ለቀም አደረገችው።

«አስቀምጠው። አንተ ትታሰራለህ፣ እኔ ስንቅ ሳመላልስ ልኖር ነው። አድምጠኝ። ጓደኛዬ ጋ ክፍል አግኝቻለሁ። ልብሴን በየቀኑ አንድ አንድ እያልኩ እያወጣሁ ነው፣ የተሰፋ የማደርስ እየመሰልኩ። የሚቀረኝ ሁለት ሳምንት ነው። እስከዚያ ለማንም እንዳትናገር። ለእማዬም ቢሆን።»

«እሺ» አለ ጉምጉም።

እሺ ያለው አፉ ነው። ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ረቡዕ ቀትር ላይ ዝግጅት ክፍሉ ገባ። አልናገርም ብሏት የለ? መጻፍ ደግሞ መናገር አይደለም ብሎ ራሱን አታለለ። የሐሙሱን እንደ ወትሮው ጻፈ። ዓርብ ላይ ሲደርስ እንዲህ አለ፦

«ዓርብ። ከመናኸሪያው ጀርባ የሚዘፍነው ሰው ሚስቱን በማይክ ራስ ፊቷን ይመታታል። ሚስቱ እህቴ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደዚህ ሰው ስመራችሁ የኖርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ። ዓርብ ቤታችሁ ዋሉ።»

አዘጋጇ ሁለት ጊዜ አነበበችው። መነጽሯን አወለቀች።

«እውነት ነው?»

«ቁስሉን አይቼዋለሁ።»

«እህትህ ይሄ እንደሚወጣ ታውቃለች?»

«ታውቃለች» አለ ጉምጉም። ለአዘጋጇ ሲዋሽ፣ ለጋዜጣው በጻፈበት ስድስት ዓመት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ቡድኑ ልምምድ ላይ ነበር። ከበሮ መቺው ጋዜጣውን ይዞ ገባና እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ በየሳምንቱ እያነበቡ መሳቅ ልማዳቸው ነው። ዓርብ ላይ ሲደርስ ድምፁ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ክፍሉ ውስጥ የማጉያው እዝዝታ ብቻ ቀረ።

«ጋዜጣው ከወጣ ሦስት ሰዓት ሆኖታል» አለ ከበሮ መቺው ቀስ ብሎ። «እሷስ አሁን የት ናት?»

ጉምጉም ይህን ሳያስበው ቀርቶ ነው? አስቦታል ማለትም አይቻልም፣ አላሰበውም ማለትም አይቻልም። ጊታሩን መሬት ላይ ጣለው። ሮጠ። ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ሮጦ አያውቅም፤ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሳንባው በጉሮሮው ሊወጣ ደርሶ ነበር።

የስፌት ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። አንዲት ደንበኛ ደጅ ላይ ቆማ ሰው ትጣራለች። ውስጥ የስፌት መኪናው ተገልብጧል፣ የክር ጥቅሎቹ ወለሉን ሞልተውታል። ዘፋኙ ሚስቱን በጉልበቱ ደረቷን ረግጦ ይዞ ጋዜጣውን እየጨበጠ አፏ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል።

«አንብቢው» ይላል በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «አንብቢውና ዋጪው።»

ጉምጉም ከኋላው አንቆ ሲስበው ዘፋኙ በጭንቅላቱ ወደ ኋላ መታው፤ አፍንጫው ሲሰበር ጉምጉም ድምፁን ሰማው። ሰውየው በአሥር ዓመት ያንሰዋል፣ ትከሻው የበሬ ነው። በክርኑ ጎድኑን፣ በጉልበቱ ሆዱን አገኘው። ጉምጉም የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተንጋለለ። እጁን ዘርግቶ ሊነሳ ሲል ዘፋኙ ትልቁን መቀስ በሁለት እጁ ይዞ ወረደበትና የግራ መዳፉን ከእንጨቱ ጋር ሰፋው።

«በል እንግዲህ በዚህ እጅህ ተጫወት ጋሼ» አለው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ።

መጠጋቱ ነው የጎዳው። ጉምጉም በቀኝ እጁ ጉሮሮውን ያዘው። የቤዝ ተጫዋች ጣት ማለት ወፍራም የብረት ክር ሲጎትት የኖረ ጣት ነው፤ አንዴ ከገባ አይላቀቅም። በአውራ ጣቱ ሥር ያ የተዘፈነለት ማንቁርት ሲንሸራተት ተሰማው። ስንት ውዳሴ የጻፈለት ድምፅ የሚወጣው ይህችን ከምታህል አጥንት ነው። ጨመቀ። ዘፋኙ ፊቱን ይቧጭረዋል፣ መቀሱን ይወዘውዘዋል፣ ደም በጠረጴዛው ጠርዝ ይወርዳል፤ ጉምጉም ጨመቀ። የሰውየው ዓይን ሲቀላና ሲፈጥ እያየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሳይጨፍን፣ ጨመቀ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎት ነበር። ይህን በኋላ ለማንም አልደበቀም።

«ጋሼ ልቀቀው» አለች እህቱ ወረቀቱን ከአፏ እየተፋች።

አልሰማትም።

«ልቀቀው አልኩህ። ለሱ ብዬ አይደለም።»

የጨርቅ መለኪያውን የብረት ሜትር አንስታ ክርኑን መታችው። ደገመችው። በሦስተኛው ክንዱ ደንዝዞ ጣቶቹ ተፈቱ። ዘፋኙ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የተቀደደ ወናፍ ዓይነት ፉጨት ብቻ ወጣ። ሰው እዚህ ላይ ይበቃኛል ይላል። እሱ ግን በአራት እግሩ ዳኸና የሚስቱን ቁርጭምጭሚት ጨበጠ።

ካውያው ከጠዋት ጀምሮ ሲግል የዋለ ነው። እህቱ ከማስቀመጫው አንስታ እግሯን በጨበጠው እጅ ጀርባ ላይ አሳረፈችው፣ እንደ ሸሚዝ አንገት ጫን አድርጋ። ቆዳው ተንጫጫ። ሽታው ቤቱን ሞላው። ሰውየው ሊጮህ ፈለገ፣ ድምፅ አልነበረውም። እጁ ሲለቃት እሷም ካውያውን አነሳች፤ ወደ ማስቀመጫው መልሳ ሶኬቱን ነቀለችና ጎረቤቱ ጫማ ሠሪ ከሁለት ፖሊሶች ጋር እስኪገባ ድረስ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ሐኪም ቤት ጉምጉም እጁን ተሰፍቶ ሲወጣ እህቱን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አገኛት። አፏ ዙሪያ የጋዜጣው ቀለም አልለቀቀም።

«ሁለት ሳምንት ነበር የለመንኩህ» አለችው።

«የማድንሽ መስሎኝ ነው።»

«እሱም ሲመታኝ ላስተካክልሽ ብዬ ነው ይላል። ሁላችሁም ለኔ ብላችሁ ነው። አንዳችሁም ግን አትጠይቁኝም።» ተነሳችና ሄደች።

ዓርብ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዘፋኙ ፖሊስ ጣቢያ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሰዎች ግን ወሬ ሊሰሙ፣ የሚዘፍንበትን ቦታ ሊያዩ መጡ። እንዲያውም ከሁሉም ዓርብ የበለጠ ሰው የተሰበሰበው ያን ቀን ነው አሉ። ይህን የነገረው ከበሮ መቺው ነው፤ ጉምጉም ሰምቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እህቱ ፍርድ ቤት ቀርባ ጣቷን፣ ጥርሷን፣ ያስወረዳትን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ባልየው ሲጠየቅ የመለሰው በሹክሹክታ ነበር፤ ከዚያ በላይ መናገር አይችልም፣ አራት ዓመት ሲፈረድበትም «ይግባኝ» ያለውን ጸሐፊው ጠጋ ብሎ ነው የሰማው። ጉምጉም ራሱም አንገት በማነቁ ተከሶ በገደብ ተለቀቀ። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አልታጠፉም። ቤዙን ለከበሮ መቺው የአጎት ልጅ ሰጠው። ገጹን መጻፍ ቀጠለ፤ ግን የሚጽፍለትን ሰው ሁሉ ቀድሞ ደጁ ሄዶ «ይሄን ልጽፍብህ ነው፣ ትፈቅዳለህ?» ብሎ መጠየቅ አመጣ። አዘጋጇ ስለ ውሸቱ አንድ ወር አላናገረችውም፤ ቀጥሎ ግን «እንዲህ እየጠየቅክ ጋዜጣው በዓመት አንዴ ነው የሚወጣው» ብላ ስቃበታለች።

እህቱ አምስት ወር ዘጋችው። በእናታቸው በኩል ሰላምታ ቢልክ መልስ አይመጣም። በስድስተኛው ወር ሐኪሙ ጣቶቹን ካላሠራህ እንደ እንጨት ይደርቃሉ እንዳለው ከእናታቸው ሰማች መሰለኝ፣ አንድ ጠዋት ና አለችው።

ሄደ። ስፌት ቤቱ ውስጥ አዲስ ጠረጴዛ ገብቷል። ሰላም ሳትለው መርፌ፣ ክርና አንድ ሣጥን ቁልፍ አቀረበችለት፤ ሃያ ሸሚዝ ተደርድሯል።

«ቁልፍ ትከል» አለችው። «በግራህ።»

የመጀመሪያውን ለመትከል ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ሁለት ጊዜ ራሱን ወጋ። ሲጨርስ እያላበው አሳያት። ቁልፉ ጠምሟል። አገላብጣ አየችው፣ ክሩን በጥርሷ በጠስ አድርጋ ነቀለችውና ሸሚዙን መለሰችለት።

«እንደገና» አለችው፣ ወደ መኪናዋም ዞረች።